249 ግራም ድሮን አውሮፕላንን ምን ሊያረገው ነው? ለሰርግ ቪዲዮ ቀራጩ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር የሰርግ ቪዲዮ የሚሰራ ልጅ ኦልድ ታውን ወንዙ ዳር ሙሽሮቹን ከላይ ሊቀርጽ ድሮን አስነሳ። አፑ ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ ልጁ ማስጠንቀቂያውን አይቻለሁ የምትለዋን ተጫነና በረረ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት የሚወርድ አውሮፕላን ከድሮኑ በላይ "በጣም ተጠግቶ" አለፈ። አሁን ሶስት ነገር ይጠይቃል፦ ድሮኔ 249 ግራም ናት ከርግብ ታንሳለች፣ እውነት አውሮፕላን ትጎዳለች? አፑ ራሱ ካስነሳኝ ጥፋቱ የማን ነው? በጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ አለ፣ ይዣት ብሄድስ?

ሰላም ወንድሜ። ስራዬ ሰውን ለድሮን ላይሰንስ ፈተና ማዘጋጀት ነው፣ ከዛ በፊት አውሮፕላን ጥገና ላይ ነበርኩ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ረዘም ይላል ታገሰኝ።

እስቲ ከሂሳቡ እንነሳ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚ ጋር ስለሆነ። ድሮን የያዘ ሰው ሁሉ 400 ጫማ ማለትም 120 ሜትር የምትለዋን የከፍታ ገደብ ያውቃታል፣ ከሷ በታች እስከሆንኩ አውሮፕላን አይደርስብኝም ብሎ ይተኛል። ሜዳ ላይ ባብዛኛው ልክ ነው። ኤርፖርት አጠገብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ነው የሚወርደው፣ የራንዌዩን ጫፍ ሲያልፍ ከመሬት ወደ 15 ሜትር ግድም ላይ ነው፣ ከዛ ወደ ኋላ እየቆጠርክ ስትሄድ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 52 ሜትር ትጨምራለህ። ታዲያ ከራንዌይ ጫፍ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ሜትር ላይ ነው ያለው? 15 ሲደመር 105፣ እኩል 120። ልክ ያንተ "ህጋዊ" ከፍታ ላይ! አንተ የቆምክበት ወንዝ ዳር ከደቡብ ለሚገባው ራንዌይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሚርቅ አውሮፕላኑ ከአናትህ በላይ 220 እና 230 ሜትር አካባቢ ነው የሚያልፈው፣ ድሮንህ 120 ላይ ከነበረች በመሃላችሁ የቀረው 100 ሜትር ምናምን ነው። ለዛውም ሁለታችሁም ልክ በሆናችሁበት ቀን። ፓይለቱ ትንሽ ዝቅ ካለ ወይም ያንተ ድሮን ሲግናል ጠፍቷት ራሷን ከፍ ካረገች (እሱን እመለስበታለሁ) ያቺ 100 ሜትር የለችም።

ደግሞ አውሮፕላን ብቻ አይደለም። በዛ ወንዝ ላይ ሄሊኮፕተር ስንት ዝቅ ብሎ እንደሚሄድ የዲሲ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ 29፣ 2025 ካለቀሰ በኋላ ያውቃል፣ የጦር ሰራዊቱ ብላክ ሆክ ሊያርፍ ከነበረው የመንገደኛ ጀት ተጋጭቶ 67 ሰው ያለቀበት ቀን። እዛ ውስጥ ድሮን አልነበረም፣ ግን ሄሊኮፕተሮቹ የሚሄዱበት መንገድ ጣሪያው 200 ጫማ ነበር፣ 60 ሜትር ማለት ነው። 60 ሜትር ላይ ሙሽሮችህን በደንብ ነው የምትቀርጸው። መንገዱን ከአደጋው በኋላ ኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለስልጣን) ዘጋው እንጂ የፖሊስ፣ የአምቡላንስ፣ የመንግስት ሄሊኮፕተር በዛ ከተማ ሰማይ ላይ መቼም አይጠፋም።

"ፓይለቱ አያየኝም እንዴ?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣልኛል። አያይህም። ጀት ሊያርፍ ሲል በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ግድም ነው የሚሄደው፣ በሰከንድ 72 ሜትር። ኤፍ ኤ ኤ ለፓይለቶች የሚያስተምረው አንድን ነገር አይቶ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ወስኖ፣ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ ድረስ 12.5 ሰከንድ ይፈጃል ብሎ ነው። በዛ ፍጥነት 12.5 ሰከንድ ማለት 900 ሜትር ነው። ያንተ ድሮን ተዘርግታ ከ40 ሳንቲ ሜትር አትበልጥም፣ 900 ሜትር ላይ ጤነኛ ዓይን ሊለይ የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ላይ ናት፣ ለዛውም አተኩሮ እዛች ነጥብ ላይ ቢያይ፣ እሱ ደግሞ በዛ ሰዓት ራንዌይና የፍጥነት መለኪያ ነው የሚያየው። ከዛ በላይ የሚከፋው ሊጋጭ የሚመጣ ነገር በመስታወቱ ላይ አይንቀሳቀስም፣ እዛው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መጨረሻ ላይ ድንገት ነው የሚያብጠው። ቲካስ የሚባለው የግጭት ማስጠንቀቂያስ ካልክ፣ እሱ የሚያወራው ትራንስፖንደር (ለጥሪ መልስ የሚሰጥ ሬዲዮ) ካለው አውሮፕላን ጋር ነው፣ ያንተ ድሮን የላትም። ታወር ያለው ራዳርም ትንንሽና ቀርፋፋ ነገር ወፍ ነው ብሎ እንዲያጣራ ሆኖ ነው የተሰራው። ስለዚህ በሁለታችሁ መሃል ማየትም መሸሽም የሚችለው አንተ ብቻ ነህ።

አሁን ወደ ርግቧ እንምጣ። በነገራችን ላይ ርግብን እንደ ቀላል ነገር አትጥራት። ሴፕቴምበር 15፣ 1988 ከባህር ዳር ወደ አስመራ ሊነሳ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ ወድቋል፣ ከ104 ሰው 35ቱ ሞተዋል። መንጋ ስለነበረ ነው፣ እሺ፣ አንድ ርግብ ሞተር ውስጥ ብትገባ ብዙውን ጊዜ ሽታ ብቻ ትታ ነው የምታልፈው። ዘመናዊ ሞተርና የፊት መስታወት ወፍ እየተተኮሰበት ተፈትኖ ነው ፈቃድ የሚያገኘው፣ የትልልቅ አውሮፕላን መስታወት ለምሳሌ 4 ፓውንድ ማለትም 1.8 ኪሎ የሚሆን ወፍ መቻል አለበት። ልብ በል፣ ወፍ። በዛ ፈተና ውስጥ ድሮን የለም።

ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ሳይሆን የተሰራበት ነገር ላይ ነው። ወፍ በዛ ፍጥነት ስትመታ እንደ ፈሳሽ ትበተናለች፣ ጉልበቷ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። ድሮን ፕላስቲኩ ይበተናል እንጂ አራቱ ሞተሮች ብረትና ማግኔት ናቸው፣ ባትሪው ጠጣር ነው፣ ካሜራው ጠጣር ነው፣ ቲማቲምና ጠጠር በአንድ ክብደት ቢወረወርብህ የትኛውን እንደምትመርጥ አስበው። ኦሃዮ ያለው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በ2018 ወደ አንድ ኪሎ የምትጠጋ ፋንተም 2 ድሮን በሰዓት 238 ማይል ፍጥነት በሙኒ አነስተኛ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኩሶ ነበር። የክንፉን ፊት ሰንጥቃ ገብታ ውስጥ ያለውን ክንፉን የሚሸከመውን ዋና ብረት ድረስ ጎዳችው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የወፍ ምትክ ላይ ላዩን የባሰ አበላሸ፣ ያን ያህል ግን ጠልቆ አልገባም። የድሮኑ አምራች ዲጄአይ ፍጥነቱ ተጋኗል ብሎ ጮኸ፣ እውነቱን ለመናገር ተቃውሞው ባዶ አልነበረም፣ ሙኒ ዝቅ ብሎ ሲበር በዛ ፍጥነት አይሄድም። የመንገደኛ ጀት ግን ይሄዳል፣ ከዛም በላይ።

"ያ ፋንተም ነው፣ የኔ ሚኒ ናት" እንደምትል አውቃለሁ። ጃንዋሪ 9፣ 2025 ሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ እየነደደ ሳለ ከካናዳዋ ኬቤክ የመጣው ሲኤል 415 ውሃ የሚረጨው አውሮፕላን በድሮን ተመታ። ድሮኗ ዲጄአይ ሚኒ 3 ፕሮ ናት፣ 249 ግራም፣ ያንተዋ። ግራ ክንፉ ላይ 3 ኢንች በ6 ኢንች የሚሆን ቀዳዳ ከፈተች። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፣ ግን ከተማው እየተቃጠለ እሱ ለጥገና ቆመ፣ ጉዳቱም ከ65,000 ዶላር በላይ ተባለ። ሰውየው ሳንታ ሞኒካ አንድ የመኪና ማቆሚያ ህንጻ ጣሪያ ላይ ሆኖ እሳቱን ሊያይ አስነስቶ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ላካት፣ ከዓይኑ ጠፋች፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ፣ ለማየት ጓጉቶ ነው።

እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ያለኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የተረጋገጡ፣ ማለትም የድሮን ስብርባሪ ወይም ምልክት ተገኝቶባቸው በባለስልጣን የተመረመሩ ግጭቶችን ብታይ አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ሴፕቴምበር 21፣ 2017 ኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ አጠገብ ፋንተም 4 ከብላክ ሆክ ጋር ተጋጨ። ባለቤቱ የት ነበር? 2.5 ማይል ርቆ ስክሪን እያየ። ድሮኑ ሳይመለስ ሲቀር ተበላሽቶ ውሃ ውስጥ ገብቷል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ግን ዋናው የላይኛው ምላጩ ተጎድቶ ነበር፣ የድሮኑ አንድ ሞተር ከነእጁ ተሰክቶበት ተገኘ፣ የአሜሪካ የአደጋ መርማሪው ኤን ቲ ኤስ ቢ ከዛች ስባሪ ላይ ባለው ቁጥር ተነስቶ ባለቤቱን አገኘው። መጋጨቱን የሰማው እነሱ ሲደውሉለት ነው! በዛው ዓመት ኦክቶበር 12 ኬቤክ ሲቲ ላይ ስምንት ሰው የጫነ የስካይጄት ኪንግ ኤር አነስተኛ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ 1,500 ጫማ ላይ ክንፉን በድሮን ተመታ፣ ማን እንዳበረረው እስካሁን አይታወቅም፣ 1,500 ጫማ ላይ ያለችን ድሮን ከታች ሆኖ በዓይኔ እያየሁ ነበር የሚል ሰው ግን እኔ አላምነውም። ኦገስት 2021 ቶሮንቶ አጠገብ በተንቪል ኤርፖርት ላይ ሊያርፍ የነበረ ሴስና 172 ትንሽ አውሮፕላን ከድሮን ጋር ተጋጨ። ድሮኑ የማን ነበር? የፖሊስ። ለስራ የወጣ፣ 400 ጫማ ላይ ቆሞ የሚቀርጽ። ሴስናው ውስጥ የነበሩት ወፍ መስሏቸው ነው ያረፉት፣ ወርደው ሲያዩ የሞተሩ ሽፋን ተጣሟል።

አየህ፣ አሸባሪ የለም እዚ ውስጥ። ወይ ድሮኑን ከዓይኑ ያጣ፣ ወይ ድሮኑን እያየ ሰማዩን የረሳ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ሙሽሪት ቀሚሷን ስታዞር ፍሬሙ እንዳይበላሽ ስክሪን ላይ ተተክለህ ነው የምትሰራው፣ ለዚህ ስህተት ከሰርግ ቀራጭ በላይ የተመቻቸ ሰው የለም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ሰው አጠገብህ አቁም የምለው፣ ስራው ሰማይ ማየት ብቻ የሆነ፣ መብራት የማይዝ፣ ሚዜ ያልሆነ።

ይሄን ስል የምትሰማው የድሮን ወሬ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም፣ እንደውም እኔ ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ በላይ ተጠራጣሪ ነኝ። ኤፍ ኤ ኤ በየወሩ ኤርፖርት አካባቢ ድሮን አየን የሚል ከ100 በላይ ሪፖርት ይደርሰኛል ይላል፣ ከነሱ ውስጥ ስንቱ ድሮን ስንቱ ፊኛ እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርህም። ኤፕሪል 2016 ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ ሊያርፍ የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ኤርባስ በድሮን ተመታ ተብሎ ዓለም ከጮኸ በኋላ የእንግሊዝ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ የላስቲክ ከረጢት ሊሆን ይችላል ብለው አረፉት። በዲሴምበር 2018 የለንደኑ ጋትዊክ ኤርፖርት ፈረንጆች ገና ሊያከብሩ ሲሉ ተዘግቶ ወደ 1,000 በረራና 140,000 መንገደኛ ተስተጓጎለ፣ አንድ ድሮን አልተያዘም፣ በስህተት የታሰሩት ባልና ሚስት ካሳና የጠበቃ ወጪ ተደምሮ 200,000 ፓውንድ ተከፈላቸው። ኦክቶበር 2025 ደግሞ የዩናይትድ 737 ዩታ ሰማይ ላይ 36,000 ጫማ ላይ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ኢንተርኔቱ ከድሮን እስከ ጠፈር ቆሻሻ ገመተ፣ የአየር ሁኔታ የሚለካ ፊኛ ነበር። ስለዚህ ያንተ አውሮፕላን "በጣም ተጠጋ" ያልከውንም በጥንቃቄ ነው የምወስደው፣ ከታች ሆነህ የአውሮፕላንን ርቀት በዓይን መገመት ከባድ ነው። በድሮንህ ሎግ (የበረራ መዝገብ) ላይ ሰዓቱና ከፍታው አለልህ፣ ገልብጠህ አስቀምጠው።

አፑ። እሺ፣ ይሄ ላይ አልፈርድብህም፣ ነገሩ በቅርብ ነው የተቀየረው። ድሮ ዲጄአይ ኤርፖርት አጠገብ ሞተሩን ራሱ አያስነሳልህም ነበር፣ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ ያንን ክልከላ አንስቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ አደረገው፣ ሃላፊነቱ የአብራሪው ነው ብሎ። ስለዚህ አፑ አስነሳኝ ማለት መኪናው ቀይ መብራት ላይ አልቆመልኝም እንደማለት ነው፣ ፈቃጁ አፑ አይደለም። ዲሲ ደግሞ ተራ ከተማ አይደለም። ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ኤፍ ኤ ኤ ልዩ ፈቃድ ድሮን ጨርሶ ክልክል ነው፣ የክብደት ጉዳይ የለበትም። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎልስ ቸርች፣ የሀበሻ ሰርግ የሚሰረግበት ሰፈር ግማሹ እዛ ክበብ ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ በሁኔታዎች ይቻላል፣ እዛም ዳለስ ኤርፖርት አጠገብ ከሆንክ ላንስ በሚባለው ሲስተም ፈቃድ ጠይቀህ ነው። ሙሽሮቹ ከላይ የተቀረጸ ነገር የግድ ካሉ ወደ ፍሬድሪክ በኩል ወይም ከ30 ማይሉ ውጭ ያለ የወይን እርሻ ላይ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ቅረጹ፣ ለሰርጉ ቀን ወንዝ ዳር ድሮን የለም በላቸው፣ አይሆንም ካሉ ሌላ ቀራጭ ይፈልጉ።

ሌላው ደግሞ ከ250 ግራም በታች ከሆነች አትመዘገብም የምትለዋ ነገር አንተን አትመለከትም። ያቺ ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው ናት። ገንዘብ ተቀብለህ ስትሰራ ፓርት 107 በሚባለው የኤፍ ኤ ኤ የድሮን ህግ ውስጥ ነህ፣ ላይሰንስ ያስፈልግሃል፣ ድሮኗም 249ም ትሁን 100 ግራም መመዝገብ አለባት፣ ሪሞት አይዲ የሚባለውን የመለያ ሲግናልም መልቀቅ አለባት። ሪሞት አይዲ የድሮኗን ቦታ ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ ኮንትሮለሩን ይዘህ የቆምክበትንም ነው። ማን ያውቀኛል ካልክ መልሱ እሱ ነው። ቅጣቱ በአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር ሊሄድ ይችላል፣ ሁሉም ሰው ያንን ይቀጣል ማለቴ ግን አይደለም።

አሁን ለሆነው ነገር አንድ ልታረገው የምትችለው አለ። ናሳ የሚያስተዳድረው ኤ ኤስ አር ኤስ የሚባል የደህንነት ሪፖርት አለ፣ ድሮን አብራሪም መላክ ይችላል። ሆን ተብሎ ካልተደረገ እና በ10 ቀን ውስጥ ከላክህ ኤፍ ኤ ኤ ጥፋት ነው ቢል እንኳ ቅጣቱን ሊያስቀርልህ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን አይተህ መጫንህ ሆን ተብሎ ይባል አይባል የጠበቃ ጥያቄ ነው፣ ቢሆንም ቀኑ ሳያልፍ ጠይቅ።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት። አውሮፕላን ወይ ሄሊኮፕተር ድምጽ ስትሰማ ብዙ ሰው ደንግጦ "ወደ ቤት ተመለስ" የሚለውን በተን ይጫናል። እንዳትነካው! ድሮኗ ከተወሰነላት የመመለሻ ከፍታ በታች ከሆነች መጀመሪያ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች ከዛ ነው የምትመለሰው፣ 40 ሜትር ላይ የነበረችውን አንተ ራስህ 100 ሜትር ላይ ትልካታለህ። ሲግናል ሲጠፋም ራሷ ይሄንኑ ነው የምታረገው። ግራውን ስቲክ ወደ ታች ያዝና አውርዳት፣ ዛፍ ላይ ብትሰበር ትሰበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የመመለሻ ከፍታዋን አካባቢው ላይ ካለው ዛፍና ህንጻ ትንሽ ብቻ ከፍ አርገው፣ በየቦታው ስትሄድ ቀይረው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ አትውሰዳት። ድሮን ይዞ ለመግባት አስቀድሞ የኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለማብረር ደግሞ ሲቪል አቪዬሽን አለ፣ ያለ ወረቀት ቦሌ ስትደርስ ጉምሩክ ይይዝብሃል፣ ሰርግ ልትበላ ሄደህ መጋዘን ለመጋዘን ስትሯሯጥ ትከርማለህ። ከበረራውም አንጻር ቢሆን ቦሌ ኤርፖርት ከተማው ውስጥ ነው ያለው፣ ከፍታውም ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው አውሮፕላን በመለኪያው ያው ፍጥነት እያነበበ በትክክል ግን ወደ 12 ፐርሰንት ፈጥኖ ነው የሚያርፈው። የምቱ ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚሄድ ያ ሲሰላ 25 ፐርሰንት የባሰ ምት ነው። እዛው ከተማ ፈቃድ ኖሯቸው የሚሰሩ ልጆች ስላሉ ከአሁኑ በዘመድ በኩል አፈላልገህ አንዱን ያዝ፣ ፈቃዱን አሳየኝ በለው፣ የቀጠሮውንም ቀን ቀድመህ ንገረው ምክንያቱም ጥር የሰርግ ወር ነው ሁሉም ይያዛሉ።